ኑሮ ሲወደድ መረብ ከማጥበብ በፊት፦ ለጣና ደሴት አስጋሪዎች የአሠራር መመሪያ

ባሕር ዳር፣ ዓሣ በሚራገፍበት ዳርቻ፣ አንድ ማለዳ ቆም ብላችሁ ወሬ ስሙ። ስለ ዓሣ ብዙም አይወራም። የሚወራው ስለ ቤንዚን፣ ስለ መረብ ዋጋ፣ ስለ ዕዳ ነው። ሐይቁ እዚያው አለ፤ ወደ ሐይቁ መውጣት ግን ውድ ሆኗል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። መረብ፣ ናይለን ገመድ፣ የሞተር መለዋወጫ፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ ገባ። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት አለ። መንገዱን አስቸጋሪ አደረገው፤ ገዳማቱን ሊያይ የሚመጣውንም እንግዳ አራቀው። በመተማ በኩል ደረቅ ዓሣ ይወስድ የነበረው የሱዳን ገበያም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በተነሳው ጦርነት ተመታ።

ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉ እጥፍ ሆኖ ነው የሚደርሰው። የሚገዛው በጀልባ ይመጣል፣ የሚሸጠው በጀልባ ይሄዳል። ደቅ ደሴት ላይ ያለ አስጋሪ ቤንዚን ቢያልቅበት ማደያ ደርሶ አይመለስም።

ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያደርገው የመረቡን ዐይን ማጥበብ ነው። ትንንሹንም ያወጣል፤ ለአንድ ሰሞን ጀልባው ሞልቶ ይገባል። ለዘር የተቀመጠን እህል አውጥቶ መብላት ማለት ይህ ነው። ችግሩን ባውቅም፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ሳይ ውስጤ ያዝናል። ሌላ መንገድ አለና።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሳል። ብዙ ዓሣ ለማውጣት ከመሮጥ በፊት፣ ከወጣው ዓሣ ላይ የሚጠፋውን ብር ማስቀረት ይቀድማል። የጻፍኩት ታንኳ ወይም ትንሽ ጀልባ ላላቸው ነው። ከተማ ሆናችሁ ደሴት ላይ ወንድም ወይም አጎት ያላችሁ፣ በስልክ አንብቡላቸው። ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ለሚያሰግሩም አብዛኛው ይሠራል።

1. ሒሳቡን በደብተር አስፍሩ

ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ያለዚህ ቀሪው ሁሉ ግምት ነው። አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ። በየቀኑ አምስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ስንት ሊትር ነዳጅ እንዳቃጠላችሁ፣ ስንት ኪሎ እንዳወጣችሁ፣ ስንት ኪሎ እንደሸጣችሁ፣ በስንት ብር እንደሸጣችሁ፣ ሌላ ምን እንዳወጣችሁ። መጻፍ የሚከብዳችሁ ከሆነ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይጻፍላችሁ።

በወጣውና በተሸጠው መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ 30 ኪሎ አወጣችሁ እንበል። 5 ኪሎው ለስልሶ፣ ገዢ ሳያገኝ ቀረ። ኪሎውን 80 ብር ብናደርገው የጠፋው 400 ብር ነው። ያን ዓሣ የሚያድን በረዶ በ150 ብር ተገኝቶ ቢሆን፣ "በረዶ ውድ ነው" ማለት አይቻልም ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፤ የእናንተን ዋጋ አስገቡበት።

ሁለት ሳምንት ከጻፋችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ለአንድ ኪሎ ዓሣ ስንት ብር አወጣሁ? ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ ወዲያው የምታነጻጽሩት ከሱ ጋር ነው።

2. ቤንዚኑን ቀንሱ

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በስሪላንካ አስጋሪዎች ለጀልባ ሞተር የሚጠቀሙበት ነጭ ጋዝ በአንድ ጊዜ ከ87 ሩፒ ወደ 340 ሩፒ ዘለለ። ከዚያ በፊት ነዳጅ ጨርሶ ጠፍቶ ብዙ ጀልባ ዳር ላይ ታስሮ ከርሞ ነበር። ሥራው ሁሉ በሞተር ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመጣ ከነሱ ማየት ይቻላል።

ጣና ላይ ሞተር ጀልባ ለዓሣ ሥራ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው ሁሉ በደንገል ታንኳ ነበር፤ ዛሬም ብዙው ሰው በታንኳ ነው የሚያሰግረው። ታንኳ ነዳጅ አይጠይቅም። ድክመቱ ሩቅ ገበያ በቶሎ አለማድረሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አጋቡ።

ታንኳ ያላችሁ አሥር ሰዎች ተሰባሰቡ። እያንዳንዱ በታንኳው ቅርብ ቦታ ያስግር። አንድ ሞተር ጀልባ ደግሞ በቀጠሮ እየዞረ የሁሉንም ዓሣ ይሰብስብና ባሕር ዳር ያድርስ። ስሌቱን እዩት። አንድ ሰው ብቻውን 30 ኪሎ ለማድረስ 6 ሊትር ቢያቃጥል፣ ለአንድ ኪሎ 0.2 ሊትር ነው። ሰብሳቢው ጀልባ 200 ኪሎ ጭኖ 10 ሊትር ቢያቃጥል፣ ለአንድ ኪሎ 0.05 ሊትር ነው። አራት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ሲመለስ ባዶውን አይመለስም፤ በረዶ፣ ጨው፣ የሱቅ ዕቃ ይጭናል።

የሚያጣላው የማን ዓሣ የማን እንደሆነ ነው። በየሰው ስም ምልክት ያለው ሣጥን ወይም ጆንያ ይኑር። ዓሣው ሲጫን ይመዘን፣ ሲራገፍም ይመዘን፣ ሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ይኑር። ሚዛኑን በጋራ ግዙት። በሚዛን የፈረሰ ማህበር ብዙ ነው።

ሞተር ላላችሁ ደግሞ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሙሉ ጉልበት አትስጡ። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ሲጮህ የሚጨምረው ፍጥነት ትንሽ ነው፣ የሚበላው ነዳጅ ግን ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ የጀልባውን ሆድና ውሃ የሚገፋውን መዘውር (ፕሮፔለር) አጽዱ። ሣርና የተጠመጠመ ክር ሞተሩን ያስጨንቁታል። ሦስተኛ፣ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ከሆነ ዘይቱን በግምት አትቀላቅሉ። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ ማነስ ሞተሩን ያነክሰዋል። መብዛትም ካንዴላውን ያቆሽሻል።

እምቦጭ የተባለውን አረምም አስቡበት። ጣና ላይ ከታየ ከ2003 ወይም 2004 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በፎገራና በደምቢያ በኩል ተስፋፍቷል። ነፋስ ሲነሳ ይንሳፈፋል፤ መረብ ይጠቀልላል፣ ፕሮፔለር ያቆማል። ማታ መረብ ከመዘርጋታችሁ በፊት ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋው ተመልከቱ። ከመረብ ላይ ያወጣችሁትን መልሳችሁ ውሃ ውስጥ አትጣሉት። ዳር አውጥታችሁ ይድረቅ።

3. መረቡን አቆዩት፣ ዐይኑን አታጥብቡት

አዲስ መረብ መግዛት ከባድ በሆነበት ጊዜ ያለው መረብ ዕድሜ ትልቅ ሀብት ነው። መረብን ቶሎ የሚያረጀው ዓሣው ሳይሆን ፀሐይ ነው። ናይለን ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ሲውል ክሩ ይደክማል። ስለዚህ ካነሳችሁ በኋላ እጠቡት፣ ከጥላ ሥር አድርቁት፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። ድንጋይ ላይ አትጎትቱት። ቀዳዳ ካያችሁ ዛሬውኑ ስፉት፤ ዛሬ ሁለት ጣት የሚያሳልፈው በሳምንት ውስጥ አንድ አምባዛ ዓሣ ያሳልፋል። ያረጀ መረብም አትጣሉ፤ ደህናውን ክር እየፈታችሁ ለመጠገኛ አስቀምጡ።

ጉማሬ የሚውልበትን ጥግ ታውቁታላችሁ። እዚያ አትዘርጉ። አንድ ሌሊት የሚያደርሰው ጉዳት የወር ገቢ ነው፤ ሰውም ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ገበያው ላይ አንድ ግልጽ መረብ አለ። ክሩ አንድ ወጥ ነው፣ መስታወት ይመስላል፣ ዓሣው አያየውም። ሞኖፊላመንት ይሉታል። በርካሽ ይገኛል፤ ለዚህ ነው በችግር ጊዜ የሚስፋፋው። ግን ቶሎ ይበጠሳል፣ ሲበጠስም ለጥገና አይመችም። ተቆርጦ ውሃ ውስጥ የቀረው ደግሞ ማንም ሳያነሳው ዓሣ እየገደለ ይቆያል። ብዙ ጊዜ የሚመጣውም በጠባብ ዐይን ነው።

ቆሮሶ የምንለውን ዓሣ ነገር አስቡ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አንዲት እናት በዚያ ጊዜ ከተያዘች የተያዘው አንድ ዓሣ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ጠባብ ዐይን ያለው መረብ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደችውን ይይዛል። እኔ ለቆሮሶ የመረቡ ዐይን ተወጥሮ ሲለካ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች አትውረዱ እላለሁ። ሂሳቡም ይደግፈኛል፤ አንድ ትልቅ ዓሣ ለፊሌቶ (አጥንት ለሌለው ሥጋ) ይሆናል፣ አራት ትንንሽ ግን ከአጥንት በቀር ምንም አይወጣቸውም።

ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ቀጥቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመርም በችግር ጊዜ ያገረሻል። የሚሞተው ሁሉ ነው፤ እንቁላሉም፣ ጫጩቱም።

መረብ ለጠፋበት ሰው መንጠቆ ይሻለዋል። በአንድ ረጅም ገመድ ላይ በየሁለት ሜትሩ መንጠቆ እየሰቀላችሁ ማታ ብታስቀምጡ፣ ጠዋት አምባዛ ታገኛላችሁ። ከመረብ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። አምባዛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አየር መተንፈስ ስለሚችል በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። በረዶ ለሌለው ደሴት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

4. ከመረብ እስከ ሚዛን ያለውን ሰዓት አሳጥሩ

ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀውም ይህንኑ ነው።

መረብ አመሻሽ ላይ ተዘርግቶ ረፋድ ላይ ከተነሳ፣ ሌሊቱን የተያዘው ዓሣ ሞቶ ለሰዓታት ሞቃት ውሃ ውስጥ ቆይቷል። ጀልባ ላይ ሲወጣ ገና ትኩስ ይመስላል፣ ግን ዕድሜው ግማሹን ጨርሷል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አንሱ። አቅም ካለ እኩለ ሌሊት ላይም አንድ ጊዜ አንሱ። አሥር መረብ ዘርግቶ ዘግይቶ ከማንሳት፣ ስድስት ዘርግቶ በጊዜ ማንሳት ይበልጣል።

ከዚያ እንዲህ አድርጉ። ዓሣውን ከመረብ ስታወጡ አትወርውሩት፣ አትርገጡት። የተቀጠቀጠ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ በጀልባው ላይ በሁለት እንጨት የተወጠረ እርጥብ ጆንያ ይበቃል። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ግን ሙቀት ያፍናልና ይቅር። ረጅም መንገድ ካለ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን (ዓሣው የሚተነፍስበትን) አውጡ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ብልሽት የሚጀምረው ከነዚህ ነው።

በረዶ ካገኛችሁ በአገራችን ሙቀት ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ አስቡ። ሰባብሩት፤ ትልቅ ቁራጭ ዓሣውን አይነካውም። ከታች በረዶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ እንደገና በረዶ እያላችሁ ደርድሩ። የቀለጠው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሥር ይኑር። የፎም ሣጥን ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ ባለ ሁለት ግድግዳ የእንጨት ሣጥን ሠርታችሁ መሐሉን በገለባ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት።

ገዢ ሲመጣ ስንጥቡን ገልጣችሁ አሳዩ። ቀይ ከሆነ ዋጋ መጥራት ትችላላችሁ።

5. ያልተሸጠውን ቋንጣ አድርጉ

ገበያው ሞልቶ ዋጋ ሲወድቅ ወይም ጀልባ ሲጠፋ፣ ዓሣ የያዘ ሰው የተጠራለትን ዋጋ ይቀበላል። ማድረቅ የሚችል ሰው ግን መጠበቅ ይችላል። ለዚህ ነው ከሁሉም ይበልጥ ይህን ሥራ እንድትለምዱት የምፈልገው።

የዋለና ሽታ ያመጣ ዓሣ አታድርቁ። ቋንጣ መጥፎውን ጥሩ አያደርገውም። ትኩሱን ውሰዱ። ቅርፊቱን ፋቁ፣ ከጀርባው በኩል ሰንጥቁና እንደ መጽሐፍ ክፈቱት። አንጀቱንና በአከርካሪው ሥር ያለውን ጥቁር ደም አጽዱ። ሥጋው ወፍራም ከሆነ በቢላ ጫር ጫር አድርጉት፣ ጨው እንዲገባው። እጠቡት፣ ይጠፈፍ።

ለ5 ኪሎ የተሰነጠቀ ዓሣ 1 ኪሎ ያህል ጨው ያዙ። በጎማ ገንዳ ወይም በንጹሕ ባልዲ ውስጥ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ አንድ ረድፍ ጨው እያደረጋችሁ ደርድሩ። ከላይ ንጹሕ ድንጋይ ጫኑበት። ይደር። ጠዋት ውሃ አውጥቶ ታገኙታላችሁ። ላዩን ብቻ በውሃ ለቅለቅ አድርጉት።

አሁን ማድረቂያው። መሬት ላይ ወይም ቆርቆሮ ላይ አታስጡ። መሬት አሸዋና እበት ይይዛል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ያበስለዋል። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ያለ የሸምበቆ ወይም የሽቦ ቆጥ ሥሩ። ነፋስ ከሥርም ከላይም ይለፍበት። ከላይ ቀጭን የአጎበር ጨርቅ አልብሱት፤ ዝንብ እንቁላል ከጣለበት ያ ሁሉ ድካም ትል ሆነ ማለት ነው። በቀን ሦስት አራቴ ገልብጡት። ማታ ጤዛ ሳይወርድ ወደ ቤት አስገቡት።

በበጋ ሦስት አራት ቀን ይበቃል። የደረሰ ቋንጣ በአውራ ጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም፣ ሲያጥፉት አይለመጥም። ክብደቱም ወደ ሲሶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ዋጋ ስትቆርጡ ይህን አስቡ፦ ትኩሱ 80 ብር ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ቋንጣ ከ240 ብር በታች ከተሸጠ ኪሳራ ነው፤ ጨውና ድካም ገና አልታሰበም። ፊሌቶም እንዲሁ ነው። ከቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከሙሉው ክብደት ሲሶ ያህል ነው።

ስታስቀምጡት በጥብቅ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ላይ አውጡት። ጥንዚዛ የሚገባው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ለገዢው ደግሞ ከመሥራቱ በፊት ሌሊቱን ውሃ ውስጥ እንዲዘፈዝፈው ንገሩት። ይህን ያልነገሩት ሰው "ጨው ነው" ብሎ ዳግመኛ አይገዛም።

በጭስ ማድረቅም ይቻላል፣ በክረምት በተለይ። እኔ ግን አልገፋበትም። ጭስ እንጨት ይበላል፤ ደሴቶቹ ላይ ያለው ደግሞ አባቶች ለዘመናት የጠበቁት የቤተክርስቲያን ደን ነው። ፀሐይ ባለበት ወር ፀሐይን ተጠቀሙ።

ይህን ሥራ በብዙ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የሚሸጡትም እነሱ ከሆኑ ገንዘቡ በእጃቸው ይቆጠር። የቋንጣው ብር ከዓሣው ብር ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ሲያዝ፣ ለልጆች ደብተርና ለጤፍ ቶሎ ይደርሳል።

6. ቀን ምረጡ

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በከተማ ገበያ ላይ የዓሣ ፍላጎት የሚጨምረው በጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይጀምራል። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስቀሉና ጾሞቹን፣ ረቡዕና ዓርብን ምልክት አድርጉባቸው። ቋንጣውን ዋጋ በሚወድቅበት ሰሞን አዘጋጁ፣ ጾም ሲገባ አውጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት ማታውኑ ለሁለት ገዢ ደውሉ። ለአንድ አይደለም፣ ለሁለት። ኢንተርኔት ባይኖርም መደበኛ ጥሪ ይበቃል። ስንት ኪሎ፣ ምን ዓይነት፣ በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ተነጋገሩ። መንገድ የተዘጋበት ቀን ከሆነም ቀድማችሁ ትሰማላችሁ፤ ዓሣው ወደ ጨው ይገባል።

ሁሉንም አትሽጡ። ዓሣ ሸጦ ለልጆቹ ሽሮ ብቻ ይዞ የሚገባ አባት ብዙ አይቻለሁ። ከሚወጣው ላይ የቤት ድርሻ አስቀድማችሁ ለዩ። በዚህ ዋጋ ከዓሣ የሚበልጥ ምግብ ገዝታችሁ አታመጡም።

7. ከነጋዴ ዕዳ ውጡ

ነጋዴው መረብ በዱቤ ይሰጣል፤ በምትኩ ዓሣውን ለሱ ብቻ፣ ባነሰ ዋጋ ትሸጣላችሁ። በችግር ጊዜ ደራሽ ነው፤ ክፉ ሰው ነው አልልም። ግን ሂሳቡን ሥሩ። መረቡ 6,000 ብር ነው እንበል። ገበያው 80 ሲሆን እሱ 60 ይከፍላል። በቀን 25 ኪሎ ብታስረክቡ በየቀኑ 500 ብር ትተዉለታላችሁ። በ12 ቀን የመረቡ ዋጋ ተከፍሏል። ውሉ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል።

መውጫው ቀላል ነው፣ ግን ብቻችሁን አይሆንም። የመረብ እቁብ ጀምሩ። አሥር ሰው በሳምንት 600 ብር ቢያወጣ 6,000 ብር ነው። ዕጣ የደረሰው በጥሬው አይወስድም፤ የእቁቡ ዳኛ መረቡን ገዝቶ ያስረክበዋል። ብር በእጅ ሲገባ ሌላ ጉዳይ ይቀድመዋልና። አሥሩም እስኪደርሳቸው ሁለት ወር ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ዙር ለሚዛን፣ ለፎም ሣጥን ይሁን። መረብ ለተሰረቀበት ሰው ዕጣውን የሚያስቀድም ደንብም ከመጀመሪያው ቀን ጻፉ።

ከነጋዴው ጋር ያለውን ዕዳ በዓሣ ሳይሆን በብር ለመክፈል ጠይቁ። የከፈላችሁትን በየጊዜው አስፈርሙ፣ በምስክር ፊት።

8. ክረምቱን አስቀድማችሁ አስቡበት

ይህ በጣም የሚያስጨንቀኝ ክፍል ነው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባ ይሞላል። የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ነው የሚጭነው።

ችግሩ ፍልሰታም በዚያው ወር መግባቱ ነው። ነሐሴ 1 ገበያው ዓሣ ይፈልጋል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ቤት ውስጥ እህል ያልቃል፣ ዓሣው ደግሞ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቧል። አራቱ በአንድ ላይ ሲመጡ "አታስግሩ" ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም። በአገር አቀፍ ደረጃ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ግን ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ አዋጅ አይቆምም። የሚቆመው ከግንቦት ጀምሮ የተዘጋጀ ቤት ነው።

እንዴት? ከፋሲካ በኋላ ዋጋ ሲወድቅ፣ ፀሐይ ገና ባለበት፣ ለፍልሰታ የሚሸጥ ቋንጣ አስቀምጡ። የነሐሴ ገቢ ከዚያ ይምጣ። ከወንዙ አፍ ርቃችሁ፣ ደሴቱ ዙሪያ፣ በመንጠቆ አምባዛ ማስገር ትችላላችሁ። መሬት ያላችሁ በዚህ ወር ጉልበታችሁን ለዳጉሳውና ለበቆሎው ስጡ። ዶሮ ካላችሁ የዓሣውን አንጀትና ጭንቅላት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁና ፈጭታችሁ ከመኖው ጋር ቀላቅሉ። በጥሬው ግን አትስጡ። የወንዙን አፍ መጠበቅም በተራ ይሁን፤ እቁቡን የመሠረቱት አሥር ሰዎች ተራ ቢገቡ ለአንድ ሰው በአሥር ቀን አንድ ሌሊት ነው።

ክረምት ላይ ሐይቁም ጨካኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ታንኳ ይገለብጣል። ሰው ሲቸግረው ደመናውን እያየ ይወጣል። ተንሳፋፊ ሰደርያ መግዛት ካልቻላችሁ፣ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየሰው አንድ አንድ በገመድ ከጀልባው ጋር እሰሩ። ስትወጡ ወዴት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ሳትነግሩ አትነሱ።

በነዚህ ወራት ቤት ስትውሉ መረቡን አውርዱ፣ ዐይን በዐይን ፈትሹ፣ የሚያንሳፍፈውን ቡሽና የሚያሰምጠውን እርሳስ ቁጠሩ። ውሃ የጠጣውን ታንኳ አውጥታችሁ ዘንበል አድርጋችሁ አቁሙት። ደንገል ቆርጣችሁ አድርቁ። ታንኳ በመሥራት ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሚበልጥ የለም፤ ከነሱ የምታሠሩ ከሆነ ክፍያውን በጊዜ አድርሱ፣ እነሱም በዚሁ ሐይቅ የሚኖሩ ናቸው። ጥቅምት ሲወጣ፣ ዓሣው ከወንዝ ተመልሶ ሲሰራጭ፣ የተጠገነ መረብና ደረቅ ታንኳ ይዛችሁ፣ ያለ ነጋዴ ዱቤ ትገባላችሁ። ደብተሩንም አዲስ ገጽ ላይ ጀምሩ።